ብጫ ለብሰን አጆራ የሄድን ዕለት

ይድረስ ለዘነቡዬ፣

ከተለየሽን ሁለተኛው ጊፋታ አለፈ። አንቺ ሳለሽ ያንቺን የወላይታውን ጊፋታና የእኔን የጉራጌውን መስቀል በአንድ ሥጋ እንወጣቸው ነበር፤ ጎረቤቱም እነዚህ ሰዎች በዓላቸውን እንኳ አጋብተዋል እያለ ይቀልድብን ነበር። ዘንድሮም እንደ አቅማችን አክብረናል። ቅቤውን ያነጠርኩት እኔ ነኝ። ቅመሙ በዝቶ ልጆቹን ተራ በተራ ቢያስነጥሳቸውም ሳይጠግብ ከማዕድ የተነሣ የለም። ስለዚህ በእኛ በኩል አትስጊ፤ ደህና ነን። እንዲያውም ሰሞኑን ከደህናም በላይ ነን፤ ለምን እንደሆነ ላጫውትሽ ነው ብዕር ያነሣሁት።

ቤቱ እንደተውሽው ነው ብልሽ ውሸት ይሆናል። ከበራችን እስከ ዋናው መንገድ ያለው ጭቃ ኮብልስቶን ለብሷል፤ ከጭቃው ስንገላገል ደግሞ ባጃጁ መሻገሪያ ከለከለን። አጥሩ ሥር የተከልሽው አቮካዶ ለመጀመሪያ ጊዜ አፈራ። በረከት ዛፉ ላይ ወጥቶ በየፍሬው ላይ የየሰዉን ስም በሚስማር ጫረበት፤ ትልቁን ለራሱ አድርጎ ነው፣ ስምንት ዓመቱ አይደል። ያንቺንም ስም አልተወም። ሱቁም ደህና ነው፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሱሪ አጥብብልን እያሉ ይሰለፋሉ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ በልብስ ስፌት ስኖር ልብስ ጠበበኝ የሚል ሰው ነበር የማውቀው፤ ዛሬ ከፍሎ የሚያስጠብብ መጣልኝ። ትንሹ ምንተስኖትም አፉን ፈትቷል። ወላይትኛውንና አማርኛውን እየቀላቀለ ሲያወራ ግማሹን እኔ፣ ግማሹን እኅቱ እንተረጉምለታለን።

ስለ እኅቱ ግን ረጋ ብዬ ልንገርሽ። ሆስፒታል ልንወስድሽ ስንነሣ ትዕግሥትን ትንሹን ወንድምሽን አደራ ብለሻት ነበር። እናት ከቤት ስትወጣ የምትለው ነው፤ እኔም ሰምቼ አለፍኩት። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ግን እንደ እኛ ሰምታ አታልፍም። ልጁን አዘለችው፤ ከዚያ በኋላ አላወረደችውም። ጓደኞቿ ገመዳቸውን ይዘው እየመጡ በር ላይ ይጠሯት ነበር፤ ሲሰለቻቸው መምጣቱን ተዉት። በሰንበት ትምህርት ቤት መዘምራን ውስጥ የነበራት ቦታ ለሌላ ልጅ ተሰጠ። እስቲ እኔ ልያዘው ስላት እማዬ ለእኔ ነው የሰጠችው ትለኛለች። እውነቷን ነው።

የሚያልፍ የሚያገድመው ሁሉ ትንሿ እናት፣ ተባረኪ ይላታል። ለበጎ ብለው ነው። እኔ ግን ትንሽ እናት አልፈለግሁም። ልጅ እንድትሆንልኝ፣ ጉልበቷ ተልጦ፣ ቀሚሷ ተቀዶ እንድትገባልኝ ነበር የምፈልገው። ቀሚስ ከተቀደደ እኔ ምን ሥራ አለኝ?

ያንቺ ቅዳሜ ትዝ አለኝ። የሰፈሩን ልጅ ከነንፍጡ ሰብስበሽ፣ ቆሎ በመሐረብ ቋጥረሽ ወደ ዳሞታ ተራራ ግርጌ ትወጪ ነበር። እኔ የገበያ ቀን ነው ብዬ ከስፌት መኪናዬ ጋር እቀራለሁ፤ ማታ ስትመለሺ ግን ወሬውን አንድም አታስቀሪብኝም። አንድ ጊዜ እንዲያውም ከወሰድሻቸው ልጆች አንድ ጨምረሽ መጣሽ። የማን እንደሆነ አናውቅ፣ እሱም ራቱን እየበላ አይናገር፤ በፋኖስ ቤቱን ስናፈላልግ እናቱ እሪ እያለች ስትመጣ መንገድ ላይ ተገናኘን። ያን ቀን ስትስቂ እንባሽ ነበር የሚወርደው። ልጆቹ ጠና ሲሉ የአጆራን ፏፏቴ አሳያቸዋለሁ ትይም ነበር።

እናም እኔ ልውሰዳቸው ብዬ ተነሣሁ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከጨርቁ ልጀምርልሽ። አጆራ ገደል ነው ሲሉ ሰምቻለሁ፤ አንድ ልጅ ቢጠፋብኝስ፣ ወይም እንዳንቺ አንድ ቢጨመርብኝስ የሚል ሥጋት ያዘኝ። ታዲያ ልብስ ሰፊ መላ ሲመታ ምን ይመታል? ሱቅ ውስጥ ማንም ያልገዛው ብጫ ጣቃ ነበረ፤ ታስታውሺዋለሽ፣ ይሄ ዓይን ያወጣል ያልሽውን። ከሩቅ ስለሚታይ ከእሱ ለሁሉም አንድ ዓይነት ልብስ ሰፋሁላቸው። የጎረቤታችን የአስቴር ሁለት ልጆችም እንሂድ ስላሉ ለእነሱም ጨመርኩ። ጨርቁ ተረፈ፤ ተርፎ ከሚጣል ብዬ ለራሴ ሸሚዝ አወጣሁበት። ጠዋት ተሰልፈን ስንወጣ አስቴር የአጥሩን በር ይዛ እስክትቀመጥ ሳቀች። ትዕግሥት አልሳቀችም። ወንድሟን ካዲሱ ቀሚሷ በላይ አዝላ በነጠላሽ አሰረችው።

አረካ የሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ረዳቱ ከየትኛው ቤተ ክርስቲያን ናችሁ ብሎ ጠየቀኝ። ሰው ወዳድ ልጅ ነው ብዬ የምንሄድበትን ነገርኩት። እግዚአብሔር አገልግሎታችሁን ይባርክ አለኝ። የኔ ነገር፣ የልብስ ስፌቱን መስሎኝ አሜን አልኩ።

ከአረካ ሌላ መኪና ይዘን ከወረድን በኋላ ወደ ፏፏቴው በእግር ስንሄድ መንገድ ዳር ትልቅ ዳስ ተጥሏል። የገጠሩ ቤተ ክርስቲያን የመዝሙርና የስብከት ኮንፈረንስ ላይ ነው። በሩ ላይ የቆሙት አስተናጋጆች ሲያዩን እያጨበጨቡ ሮጡ። ሳሮ፣ ሳሮ እያሉ በሰላምታ ልጆቹን ሳሙ፣ ዘንቢሌን ተቀበሉኝ፣ ሕዝቡ መሐል መንገድ ተከፈተልን፤ ነገሩ ሳይገባኝ ፊት ለፊት ካለው አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ውሃ ቀረበልኝ። የእኔ ወላይትኛ ከገበያ አያልፍም፤ ስንት ነው፣ ቀንስ፣ በሰላም ግባ፤ ከዚያ ወዲያ የለም። ለካ ከቦምቤ የሚመጡ መዘምራን ይጠብቁ ኖሯል። አንድ ዓይነት የለበሱ ልጆች፣ አንድ ዓይነት የለበሰ መሪ፣ ምን ይሁኑ ትያለሽ? ሽማግሌው ተነሥተው ወደ እኛ እጃቸውን ዘረጉ፤ ዳሱ ሙሉ ሰው ዝማሬያችንን ጠበቀ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ያሉት እኔን አይተው መሆን አለበት።

ላቤ በብጫው ሸሚዝ ላይ ወረደ። በረከትማ መድረክ ካገኘ ወዲያ ምን ቸገረው፣ ተነሥቶ ቆሟል። ወላይትኛውን እንደ ውሃ የምትናገረው ትዕግሥት ብቻ ናት፤ ከአንቺ የወሰደችው ነው። አስረጂልኝ ብዬ በዓይኔ ለመንኳት። ተነሥታ ድምፅ ማጉያውን ያዘችና ቀስ ብላ ተናገረች። ምን እንዳለች በኋላ ነው የነገሩኝ። እኛ መዘምራን አይደለንም፣ አባታችን ልብስ ሰፊ ነው፣ እንዳንጠፋበት ፈርቶ ነው እንዲህ ያለበሰን አለቻቸው። ያኔ ግን እኔ የማየው ሕዝቡ ሁሉ ዞሮ ሸሚዜን ሲመለከት ነው። ዳሱ እስኪንቀጠቀጥ ተሳቀ። ሽማግሌው በመሐረባቸው ዓይናቸውን እየጠረጉ፣ እዚህ የደረሰ ልጅ ሳይዘምር አይሸኝም ብለው በአማርኛ ነገሩኝ።

ትዕግሥት ቆማ አሰበች። ያቺን የመንገድ ዜማሽን ታውቂያታለሽ፤ ዳሞታ አልወጣም ብላ ሰበብ የምትደረድረውን ሰነፍ ፍየል፣ አንቺ የፈጠርሻትን። እሷን ለመዝፈን ማጨብጨብ ያስፈልጋል፤ ልጅ ታዝሎ እንደ ልብ አይጨበጨብም። ግራ ቀኝ ተመለከተች። ከዚያ ነጠላውን ፈታችና ወደ እኔ መጥታ ያዘው አለችኝ።

ዘነቡዬ፣ ያዘው አለችኝ። ስንት ወር የለመንኳትን ልጅ በሰው ፊት አስረከበችኝ። ተቀብዬ ጉልበቴ ላይ አስቀመጥኩት።

ዘፈነች። መጀመሪያ ድምፅዋ አልወጣም፤ ሁለተኛው ላይ የአስቴር ልጆች ተቀበሏት፤ ሦስተኛው ላይ የገጠሩ ልጆች ሁሉ ከዳሱ ጠርዝ እየመጡ ከፊት ተኮለኮሉ። ፍየሏ እምቢ ባለች ቁጥር ሕዝቡ ይስቃል፣ እሷም ከራሷ እየጨመረች ሰበቡን ታበዛዋለች። ጫማዬ ጠበበኝ የምትል ፍየል አንቺ አልነበረሽም፤ የልብስ ሰፊ ልጅ ፈጠራ ነው። መጨረሻው ላይ ሣሩን አግኝታ ፈጣሪዋን ስለምታመሰግን መዝሙር ነው ብንል የሚከራከረን የለም። እውነተኞቹ የቦምቤ መዘምራን መሐል ላይ ደርሰው ነበር፤ ልብሳቸው በሻንጣ ስለሆነ ማንም ሳያውቃቸው ከኋላ ቁጭ ብለው አብረው አጨበጨቡ። ኋላ ሲለብሱ ነው የታወቁት።

የተቀቀለ የቦዬ ሥር አብልተው፣ መንገድ የሚያሳዩ ወጣቶችን ጨምረው ሸኙን። ምንተስኖትን እኔ ነኝ ያዘልኩት። ነጠላውን ማሰር አቅቶኝ ሦስት እናቶች ተረባረቡብኝ፤ ወንድ ልጅ አዝሎ ሲሄድ ለማየት እስከ መታጠፊያው የተከተሉንም ነበሩ። ይከተሉ። ልጁም ጀርባዬ ላይ ሆኖ በሁለት ቋንቋ ሂድ ይለኛል።

አጆራን አየነው። ሁለቱ ፏፏቴዎች ጎን ለጎን ወደዚያ ጥልቅ ሲወርዱ በረከት አፉን ከፍቶ ቆየና ቧንቧውን ማን ከፍቶ ተወው ብሎ ጠየቀ። በእኛ ሶዶ ውሃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ የሚያውቅ ልጅ ሌላ ምን ይበል። እኔ ከገደሉ ራቁ እያልኩ ድምፄ እስኪዘጋ ጮህኩ፤ ብጫውም ጠቀመኝ፣ አንዱንም ከዓይኔ አላጣሁም። ወጣቶቹ ለጥ ያለውን ሣር አሳዩንና ልጆቹ እዚያ አባሮሽ ጀመሩ። ትዕግሥት ስትሮጥ አየኋት። ጫማዋን አውልቃ፣ የአስቴርን ልጅ ልትይዝ ስትል ጭቃ አንሸራቷት በጀርባዋ ተዘረረች። ደንግጬ ልነሣ ስል ሳቋ ቀደመኝ። ሳቋ ያንቺው ነው፤ እንባ ያለበት። እኔም ልጁን እንዳዘልኩ ሣሩ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፣ ግን የደስታ ነው፣ አትዘኚ።

ስንመለስ መኪናው ውስጥ ሌሎቹ ተኝተው እሷ ክንዴን ተደግፋ ነበር። እማዬ ስላወረድኩት ትቆጣለች እንዴ ብላ ጠየቀችኝ። እናትሽ እንድትወጂው ነው የሰጠችሽ፣ መሸከሙ የእኔ ነው አልኳት። ቃልሽን አጥፌብሽ ከሆነ ይቅር በይኝ፤ የተናገርኩት ግን አንቺን ስለማውቅሽ ነው። ቤት ሳንደርስ እንቅልፍ ወሰዳት።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ከሰዓት ሱቁ ይዘጋል። ደንበኛው ሁሉ ቅዳሜ ተክሌ የለም እያለ ለምዶታል። ከቢጠና መንገድ እስከ ቤሌ መንገድ ልጆቹ የሚሉኝ ቦታ እንሄዳለን፤ ሩቅ ካልተመቸ ዳሞታ አለ። እኔም መራመዱን ተማርኩ፣ ቆሎውንም አንቺ እንደምትቋጥሪው እቋጥራለሁ። ብጫውን ግን ትዕግሥት ከለከለችኝ፤ ሰው መዝሙር ይጠይቀናል ትላለች።

አንድ ነገር ያስጨንቀኝ ነበር። ምንተስኖት ስትሄጂ ገና ጡት የተወ ልጅ ነበር፤ ፊትሽን አያስታውስም። ምንም ብናደርግ ይህን ልንመልስለት አንችልም። ስለዚህ እኛ እናስታውስለታለን ብለን ተስማምተናል። በየመንገዱ እማዬ እዚህ ጋ እንዲህ ብላ ነበር እየተባለ ይነገረዋል፤ በረከት ይጨማምርበታል፣ ትዕግሥት ታርመዋለች፣ እኔም ልጆቹ ከመወለዳቸው በፊት የነበረውን እጨምራለሁ። አድጎ እናትህ ምን ዓይነት ሰው ነበረች ሲሉት እንደኛው እየሳቀ እንዲናገር አድርገን እናሳድገዋለን። ቃሌ ነው፣ እስትንፋሴ እስካለ አልረሳሽም፤ እኔ ደግሞ ሲደክመኝ የሚቀበሉኝ ሦስት አሉ።

አሁን ይህን ስጽፍልሽ ምንተስኖት እግሬ ሥር በጨርቅ ቁርጥራጭ ይጫወታል። ትዕግሥት ውጭ ናት። ጓደኞቿ ገመዳቸውን ይዘው ተመልሰዋል፤ አቧራው እስከ መስኮቱ ይመጣል። እየመሸ ስለሆነ ቅድም ልጠራት ወጥቼ ነበር። ወንድሟ የት እንዳለ አልጠየቀችኝም። አባዬ፣ ትንሽ ብቻ አለችኝ። እሺ ብያት ገባሁ።

ያንቺው ተክሌ