ሰማያዊውን ያስቀባሁት እኔ ነኝ

አሰላ፣ ግንቦት 14 ቀን 1953 ዓ.ም.

ውድ ልጄ ኃይለየሱስ፣

ሮቤ አክስትህ በቀለች ቤት መሆንህን የነገረኝ ነጋዴው ከዲሮ ነው። ሳልህ ለቀቀህ ወይ? የምትለብሰው አለህ ወይ? ትበላለህ ወይ? እናትህ «መጀመሪያ የሠራኸውን ንገረው፣ ጥያቄው ይደርሳል» ብላ አጠገቤ ቆማለች። እሺ፣ ልንገርህ።

የእመቤታችንን ሥዕል እንድትሠራ ቤተ ክርስቲያን ስታዝህ ከአንተ ይልቅ የተደሰትኩት እኔ ነበርኩ። በሁዳዴ ሱባኤ ልግባ ስትለኝ ግን ፈራሁ። ያልከኝን ሁሉ እንደ ልማዴ ወረቀት ላይ ጻፍኩት። አንደኛ፣ አሥራ አራት ቀን ከሰው ጋር አለመነጋገር። ሁለተኛ፣ ከጥሬና ከውሃ በቀር አለመቅመስ። ሦስተኛ፣ ከቀይ አፈር፣ ከከሰልና ከኖራ ሌላ ቀለም አለመንካት። አራተኛ፣ ዓይኗን በመጨረሻው ቀን ብቻ መሳል። ሌላውን ቻልኩት፤ ሦስተኛው አልዋጥልህ አለኝ። እመቤታችን ያለ ሰማያዊ ልብስ?

«ማን ከለከለህ?» አልኩህ።

«ማንም። ራሴ ነኝ።»

«ሱቅ ሙሉ ቀለም እያለ?»

«አባዬ፣ ቀለም ሲበዛልኝ እጄ ይሮጣል። ሦስት ብቻ ሲሆን ቁጭ ብዬ እሷን ማሰብ ግድ ይለኛል። ያኔ ነው የምትመጣልኝ።»

ካልመጣችስ? ልልህ ፈልጌ ዋጥኩት። በማግስቱ ጓዳህ ገብተህ አፍህን ዘጋህ።

በአሥረኛው ቀን አለቃ ገብረ መድህን መንገድ ላይ አገኙኝ። «አቶ ሣህሌ፣ ልጅዎ እመቤታችንን ጭቃ አለበሳት አሉ፤ እውነት ነው?» ብለው ሳቁ። እኔ ግን ሳቅ አልመጣልኝም። ሥራውን ሲነጥቁህ፣ ከተማው ሲዘብትብህ፣ ያ ሁሉ ጾምህ ሜዳ ላይ ሲቀር ታየኝ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ አንተ ቅዳሴ እንደሄድክ፣ የሱቅ በር የሚቀባውን ሁሴኖን ጠራሁት። ከዙቤዳ ሱቅ በር የተረፈ ግማሽ ጣሳ ሰማያዊ ይዞ መጣ።

«ጋሽ ሣህሌ፣ እኔ በር ነው የምቀባው» አለኝ። «ማርያምን እኛም እናከብራታለን። ፊት ግን አልነካም።»

«ልብሷን ብቻ ነው።»

«ልጅህ ፈቅዷል?»

«አዎ» አልኩት። ስለዚህ ሁሴኖን አትቀየመው፤ የዋሸሁት እኔ ነኝ።

ስትመለስ ቀለሙ ገና ይሸት ነበር። ሥዕሉን አየህ፤ ቀጥሎ እኔን አየኸኝ። ምነው በሰደብከኝ! ቡሩሾችህን አጠብክ፣ ሦስቱን ጣሳ አንዱን ባንዱ ውስጥ ከተህ ግድግዳ ሥር አስቀመጥክ፣ ጋቢህን ደርበህ ወጣህ። ሁለት ቀን ብቻ ነበር የቀረህ። ዝምታህ የሱባኤው ይሁን በኔ ጥፋት የመጣ እስከ ዛሬ አላወቅኩም። ፋሲካንም እናትህ ሳትበላ ዋለች።

ከፋሲካ በኋላ አለቃና ሽማግሌዎቹ መጥተው አዩት። «እሰይ! ልጅዎ ልብ ገዛ!» አሉ። እኔስ? «እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩ። ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ይህ ነው፤ ምስጋናውን ተቀበልኩ። እነሱም ለሰኔ ሃያ አንድ የማርያም በዓል ሸራው ቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ እንዲለጠፍ፣ አንተ ካልመጣህ ዓይኗን ከናዝሬት የሚመጣ ሠዓሊ እንዲጨርሰው ቆረጡ።

ያን ዕለት ጨርቅ በላምባ ነክሬ ሰማያዊውን ከጫፍ ልጠርግ ሞከርኩ። ያንተም መስመር አብሮ ተነሣ። ደንግጬ ተውኩት። ምን ላድርግ? እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አልኩ፤ ወረቀትም እርሳስም አልያዝኩም። ብዙ ከቆየሁ በኋላ ነው አንገቷን ያየሁት፤ ወደ ልጇ ያዘነበለበትን። በከሰል የተሰመረ አንድ መስመር ብቻ ነው። የእናትህ አንገት ነው ልጄ። በሕፃንነትህ ኩፍኝ ይዞህ ሳለ አጠገብህ ስትቀመጥ ልክ እንደዚያ ታዘነብል ነበር። እንዴት አወቅከው? እኔ ሃያ አምስት ዓመት አብሬያት ስኖር አላየሁትም። ጠርቼ አሳየኋት። አፏን በነጠላዋ ይዛ ወጣች።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹ ፊት ቆሜ፣ ሰማያዊውን በሱቅ በር ቀለም ያስቀባሁት እኔ ነኝ ብዬ ተናገርኩ።

«የሱቅ በር ቀለም አለበሷት?» አሉ አለቃ። አንዱ ሳቀ፣ ሌላው አማተበ። «በሉ ልጅዎን ያምጡት፤ አለዚያ የናዝሬቱ ይጨርሰው።»

«ልጄን ና ብዬ አላስገድደውም። የናዝሬቱም አይነካውም።»

«ታዲያ በበዓሏ ቀን ግድግዳው ባዶ ይሁን ነው የሚሉት?»

«ባዶ ይሁን።»

ከተማው ምን ይል ይሆን እያልኩ መፍራቴ አልቀረም፤ እሱ ከኔ ጋር ይኖራል። ሱባኤህን ግን ሰበርኩብህ፤ ይቅር በለኝ።

ሥዕሉን እንደገና ብትጀምረው፣ ብታቃጥለው፣ እንዲሁ ብትተወው ያንተ ነው። ጓዳህን ቆልፌዋለሁ። ከዲሮ ከዚህ ደብዳቤ ጋር በጨርቅ የታሰሩ ሁለት ቁልፎች ይሰጥሃል። ቤት ውስጥ ሌላ የለም። ከእንግዲህ እኔም መግባት አልችልም።

የበደለህ አባትህ፣
ሣህሌ