ጆሮውን ድልድይ ሥር ትተው ሪሞቱን በኪስዎ ይዘው ለሄዱት ሊቀመንበር

ይድረስ ለተከበሩ፣ ለተወደዱና ከሩቅ ለሚፈሩ ለጋሽ ዘርይሁን፣ የሳውዝ ሲ ሰፈር ቤተ ክርስቲያናችን የአዳራሽ ኮሚቴ ሊቀመንበር፤

ከሁሉ አስቀድሜ ስለ ጤናዎ እጠይቃለሁ። የሐምሌው የናይሮቢ ብርድ ጉልበትዎን አይንካው፣ የሞምባሳ መንገድ መጨናነቅ መኪናዎን አያቁማት፣ የደም ግፊትዎም ይህን ደብዳቤ አንብበው እስኪጨርሱ ባለበት ይቆይልዎ። ከሁሉ በላይ ግን ጉሮሮዎን ጌታ ይጠብቅልኝ። ትኩስ ዝንጅብል ቢያዘወትሩ መልካም ነው፤ በቅርቡ ጉሮሮዎ ብዙ ሥራ አለበት። ምን ሥራ እንደሆነ ወደ ታች ሲወርዱ ያገኙታል።

እኔ ጸሐፊው አለኸኝ ነኝ። «ጸሐፊው» የምትለዋን እባክዎ ሳይቸኩሉ ያንብቡልኝ፤ ለብቻዋ አንድ ምሽት ፈጅታብኛለች። ኪሌሌሽዋ ባለው ምግብ ቤት ሥጋ የምቆርጠው፣ ካሳራኒ የምኖረው፣ እስከ አምና ድረስ በአውራ ጣቴ እፈርም የነበርሁት ያው አለኸኝ ነኝ። ክብርት ባለቤትዎ ወይዘሮ ርብቃ በዚያው አዳራሽ በከፈቱት የማታ ትምህርት አንደኛ ወጥቻለሁ፤ ሁለተኛ የወጡት እትዬ የውብዳር «ተጭበርብሬአለሁ» ቢሉም ውጤቱ ጸንቷል። በምረቃው ዕለት እርስዎም አቅፈውኝ ፎቶ ተነሥተዋል። ፎቶው ላይ ጥርስዎ ሁሉ ይታያል። ፊደል የቆጠረው ሰው በመጀመሪያ ለማን እንደሚጽፍ አስበው ቢሆን ኖሮ ግማሹን ጥርስ በከንፈርዎ ይሸፍኑት ነበር ብዬ እገምታለሁ።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። ሐሙስ ሐሙስ ከጸሎት በኋላ በአዳራሹ ቴሌቪዥን አዲስ ተከታታይ ፊልም እናይ ነበር። ባለታሪኩ ቀን ቀን ተራ አስታማሚ፣ ሰው ሲጨንቀው ግን ካባ ለብሶ የሚበር፣ ከከተማው ወዲያ ማዶ በሹክሹክታ «ድረሱልኝ» ያለውን ሁሉ የሚሰማ ጀግና ነው። የእንግሊዝኛ ስሙ ለምላስ ስላልተመቸ ተመልካቹ «ጆሮው» ብሎ ስም አወጣለት። ከምግብ ቤቱ ደንበኞች በመስማት ብቻ የለቀመውን እንግሊዝኛ ይዞ ለሕዝቡ የሚተረጉመው ደግሞ ይህ አሽከርዎ ነበር። እንግዳ ሰባኪ ሲመጣ አስተርጓሚ ከጎኑ ቆሞ ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር እንደሚያወርድልን ሁሉ፣ እኔም ከቴሌቪዥኑ ጎን ቆሜ፣ ጆሮው ሲቆጣ እየተቆጣሁ፣ ሲያለቅስ እያለቀስሁ፣ ፊልሙ የቀዘቀዘበትንም ቦታ በራሴ በርበሬ እያሞቅሁ አወርደው ነበር። ሕዝቡም እሑድ የለመደውን አደረገ፤ በየዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ «አሜን!» አለ። ለጆሮው ሲል ብቻ ከኢስሊ የሚመጣው ነጋዴው ሀምዱ እንኳ በበኩሉ «ኢንሻአላህ» ይል ነበር።

እንግዲህ ቅሬታዬን በቁጥር አቀርባለሁ፤ ቁጥርም ተምረናልና።

አንደኛ። ጆሮው ካባውን ተቀምቶ ከሰማይ ጠቀስ ሕንፃ የተወረወረ ዕለት፣ እትዬ የውብዳር ብድግ ብለው «ቅዱሳን፣ ቁጭ ብላችሁ ታያላችሁ እንዴ? እጃችሁን ዘርጉ!» አሉና አዳራሹ በሙሉ እጁን ወደ ቴሌቪዥኑ ዘርግቶ ይማልድ ጀመር። በዚያች ቅጽበት እርስዎ ከባሕር ማዶ የመጡትን የተከበሩ እንግዳ ይዘው ገቡ። እንግዳው «ይህ ሰው ምን ሆኖ ነው?» ብለው ሲጠይቁ እርስዎ «ከባድ አደጋ የደረሰበት ወንድም ነው» ብለው መለሱላቸው። ለፈጠራ ችሎታዎ ያለኝን አድናቆት ልገልጽ እወዳለሁ፤ እኔ በአስተርጓሚነት ዘመኔ ሁሉ እንዲህ ያለ አልወጣልኝም። እንግዳውም ልባቸው ተነክቶ ኮፍያቸውን አወለቁና እጃቸውን ዘርግተው ከእኛ ጋር ጸለዩ። ከዚያ ወንድማችን መሬት ሊነካ ጥቂት ሲቀረው ሽቅብ በረረ። አዳራሹ በእልልታ ሲናወጥ እንግዳው እርስዎን አዩ፣ እርስዎ ደግሞ እኔን አዩ። በሚቀጥለው ሐሙስ ትርጉም ተከለከለ፣ «አሜን» ተከለከለ፣ ተመልካች በጸጥታ እንዲያይ ታዘዘ፤ እኔም ውጭ ቆሜ መኪና እንድጠብቅ ተመደብሁ። የዋሹት እርስዎ፣ አፉ የተዘጋው እኔ፤ ስለዚህ ፍትሐዊ ክፍፍል በታላቅ ትሕትና አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ። እኔ የእርስዎን መኪና ከሌባ ስጠብቅ፣ ውስጥ ደግሞ ጸጥታዎ ሰፍኖ ሳለ፣ ድልድይ ተደርምሶ ጆሮው ሥሩ ቀረ። አንዲት ሴት ወደ ፍርስራሹ ጎንበስ ብላ በእንግሊዝኛ አንድ ነገር ተናገረች፤ የዓመቱ ምዕራፍም እዚያው ላይ ተዘጋ። ምን እንዳለች የገባው ሰው አልነበረም። አንድ የሚገባው ነበር፤ ልጅዎ ናትናኤል። እትዬ የውብዳር «ልጄ፣ ምን አለች?» ብለው ቢለምኑት «ኢትስ ኮምፕሊኬትድ፣ ማማ»፣ ውስብስብ ነው ማለቱ ነው፣ ብሏቸው ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ሰካ። እኒህ ሴት እኮ የስደት ጉዳያቸውን ይዘው በየቢሮው ደጃፍ ዓመታት ሲመላለሱ ድምፃቸውን የሰማ አንድ መስኮት ያላገኙ፣ ልጆቻቸው በየአገሩ የተበተኑባቸው፣ ከቤት የሚወጡት ለእሑድና ለሐሙስ ብቻ የሆነ ሴት ናቸው። በሹክሹክታ የሚሰማ ሰው በቴሌቪዥንም ቢሆን ሲያገኙ ቢወዱት ይፈረድባቸዋል? ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ እጅጌዬን ይዘው «አለኸኝ፣ ልጁ ሞተ ወይ?» ይሉኛል። እኔም አላውቅም። መኪናዎ ግን ደኅና ነበረች።

ሦስተኛ፤ ይህችን ቀስ ብዬ ነው የምጽፋት። በበሩ ላይ «የተመልካች አስተያየት የሚቀርበው በጽሑፍ ብቻ ነው» የሚል ማስታወቂያ ለጥፈው ሥሩ ሳጥን ሰቀሉ። ከሐሙስ ተመልካች አብዛኛው ብዕር ይዞ የማያውቅ መሆኑን ከእርስዎ የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም። ምዕራፉ ሲያበቃ ሳጥኑን በጉባኤ ፊት ከፈቱ፤ የናትናኤል አንዲት ብጣሽ ወረቀት ተገኘች፤ «ናይስ» ትላለች። እርስዎም ወረቀቷን ከፍ አድርገው አሳይተው «ተመልካቹ አስተያየት የለውም፤ ፍላጎትም የለውም» አሉና ፊልሙ ሲመለስ እንዳይታይ፣ ሐሙስም ለኮሚቴው የሻይ ስብሰባ እንዲሆን ወሰኑ። ልናገር እጄን ባወጣ «አለኸኝ፣ ያለህን ጻፈዋ!» ብለው ጉባኤውን አሳቁብኝ። ጥሩ ቀልድ ነበረች፤ ቀልድ አዋቂ ነኝና አልክድዎትም። የሳቁትን አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። በማግስቱ ወይዘሮ ርብቃ ዘንድ ተመዘገብሁ።

አራተኛ። ሪሞቱ። ስለ እሱ ምንም አልልም፤ ኮት ኪስዎ ውስጥ አብጦ ግን ከኋላ ወንበር ሳይቀር ይታያል።

አምስተኛው ቅሬታ ሳይሆን ምስጋና ነው። አብሮኝ ከተመዘገበው ሰው የሐሙስ ተመልካች ያልሆነ ማንም አልነበረም። ባለቤትዎ «እንዲህ ያለ ትጉ ክፍል አይቼ አላውቅም» እያሉ ሲደነቁ፣ ለምን እንደምንተጋ አንነግራቸውም ነበር። ሀሁን የጨረስሁ ዕለት መጀመሪያ ያነበብሁት ሙሉ ጽሑፍ የእርስዎን ማስታወቂያ ነው፤ መጽሐፍ ቅዱስ ይቀድማል ብለው ወይዘሮ ርብቃ ተቆጥተውኛል፤ ልክ ናቸው። ነገር ግን ጋሽ ዘርይሁን፣ ማስታወቂያው እኮ ሁለተኛ መስመር አለው! «ሊቀመንበሩ በሳጥኑ የተገኘውን እያንዳንዱን አስተያየት በጠቅላላ ጉባኤ ፊት ቆሞ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ አንድም ሳያስቀር ያነባል» ይላል። ከሥሩ ፊርማዎ፣ ከፊርማዎ በላይ ማኅተሙ። ማንም አያነበውም ብለው የጻፉትን ሰው ማንበብ እንዴት ደስ ይላል!

ሳጥኑ ሞልቷል። ክዳኑ አልገጥም ስላለ እኔ ከምሠራበት ቤት የሥጋ ካርቶን አምጥቼ ከጎኑ አስቀምጫለሁ፤ እሱም እየሞላ ነው። የእኔ አስተያየት ረጅም ነው፤ ለእንግዳውና «ወንድም ነው» ለሚለው መልስዎ ሰፊ ቦታ ተሰጥቶታል፤ እንግዳው ከባሕር ማዶ ዳግም መጥተው በዚያው ጉባኤ እንደሚገኙ ሰምቼ ይበልጥ አስፍቼዋለሁ። ሀምዱ ጽሕፈት ከእኛ በፊት የሚያውቅ ሰው ነው፤ የሰው ቤተ እምነት ሳጥን ውስጥ እጄን አልከትም ብሎ ነበር እስከ ዛሬ የታቀበው። አሁን ከትቷል፤ የወረቀቱን ፊትና ጀርባ ሞልቶ። የእትዬ የውብዳር ግን አንዲት መስመር ብቻ ናት፦ «ልጁ ሞተ ወይስ አለ? የሚሰማ ካለ ይንገረኝ።» ይህችን ሲያነቡ ድምፅዎ እንዲደርሳቸው አደራ፤ ጆሯቸው እንደ ዱሮው አይደለም።

ጉባኤው የፊታችን እሑድ ነው፤ ጆሮው የሚመለሰው ደግሞ ከዚያ ቀጥሎ ባለው ሐሙስ ነው። ጥያቄያችን አጭር ነው፤ ሐሙስ ይመለስ፣ ትርጉም ይመለስ፣ ሪሞቱም ከኪስ ወጥቶ ጠረጴዛ ላይ ይዋል። ወይዘሮ ርብቃ ይህ ደብዳቤ እንደሚለጠፍ ሰምተው «አለኸኝ፣ እባክህ ይቅር በለው» ብለውኛል። ፊደል ያስቆጠሩኝን ሴት እንቢ አልላቸውም፤ ይቅርታም ክርስቲያናዊ ግዴታ ነው። ስለዚህ ከልቤ ይቅር እልዎታለሁ፤ አንብበው ሲጨርሱ። በሰፈሩት ቁና መሰፈር ላይቀር መሸሽ ድካም ነው።

ለክብርዎ ጎንበስ ብዬ፣ ለፊርማዎ እጅ ነሥቼ፣ ለማኅተምዎም ረጅም ዕድሜ ተመኝቼ እሰናበታለሁ፤

የእርስዎ የምንጊዜም መኪና ጠባቂ፣ የማታ ትምህርት አንደኛ፣ በገዛ እጁ የፈረመው
አለኸኝ

ማስታወሻ፦ የጀማሪ እጅ ጽሕፈት ለማንበብ እንደሚያስቸግር ስለማውቅ፣ እሑድ ከጎንዎ የሚቆም አስተርጓሚ ተዘጋጅቷል፤ ቀስ ብለው ያጉተመተሙትን ዓረፍተ ነገር እሱ ድምፁን ከፍ አድርጎ ለሕዝቡ ያወርድልዎታል። ስሙን ከላይ ፈርሟል። ሕዝቡም በየዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ምን እንደሚል አልረሳም። ማስታወቂያዎን ደግሜ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ፤ ስለ እሑድ ምንም የለበትም፤ «አሜን» የተከለከለው ሐሙስ ብቻ ነው።