የሌላ ሰርግ አሜን

ኤልዳድ፣

ሽሮው ድስቱ ውስጥ ነው፤ አሙቀህ ብላ።

አንተ ያቀናበርከውን የቢፍቱን የሰርግ ቪዲዮ ጠዋት ተኝተህ ሳለ በማዳመጫ እየሰማሁ አየሁት። አስጠላኝ። ሌላ ቃል የለኝም።

ያልተቆረጠውን ቅጂ ሰምቼዋለሁ እኮ። አባቷ ሲመርቋት እንባ ተናንቋቸው ዝም አሉ። አንተ ዝምታውን ቆርጠህ ጣልክ፤ ከፍ ያለውን እጃቸውን ከወረደው ጋር አገጣጠምክ፤ ስፌቱ እንዳይታይ ደግሞ ቄራ ሰፈር ከቀረጽነው ሰርግ ያመጣኸውን «አሜን» ደረብክበት። ያንን አሜን እኔ አውቀዋለሁ፤ መሀሉ ላይ አንዲት ሴትዮ ታስላለች!

ትናንት «ጋሼ፣ በቃ ስሙዝ ነው፣ ቆረጣው አይታይም አይደል?» ስትለኝ ሳላዳምጥ ራሴን ነቀነቅሁ።

ድምፁ ከምስሉ ቀድሞ ይግባ፣ ያኔ ዓይን ቆረጣውን አያየውም ብዬ ያሳየሁህም እኔው ነኝ። ለዚህ ግን አልነበረም።

አባቷ ከሰርጉ በኋላ አርፈዋል። ከእሳቸው ለልጅቷ የቀራት ይህ ምርቃት ነው። እግዜር ፊት የቀረበ ምርቃት ላይ የማያውቁት ሰው አሜን ይለጠፋል? ኧረ ነውር ነው!

ሲዲውን ይዤው ቤተ ክርስቲያን ሄጃለሁ፤ በከንቱ አትፈልገው። ቢፍቱ ከሰዓት ልትወስድ ስትመጣ ሌላ አዘጋጅተህ ጠብቃት። ዝምታውን መልሰው። ቆረጣው ከታየም ይታይ።

አሜኑን እሷው ትላለች።

ለታ