ለኦንላይን የተላኩ ሽማግሌዎች

ግንቦት 3
ከትምህርት ቤት ስመለስ ዝናብ ያዘኝ። ሐብቴ ከሽንዲ ከተማ ደውሎ ዩኒቨርሲቲው የላከልንን መልእክት አነበበልኝ። አብሮኝ ያስተምራል፣ አብሮኝም ዲግሪ ይማራል። አምና ቅዳሜ ቅዳሜ ቡሬ ክፍል ገብተን ነበር የምንማረው። ዘንድሮ ግማሹ በአካል፣ ግማሹ በኦንላይን አሉን። ከአሁን ወዲያ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ኦንላይን ሆኗል፣ ፈተናውም ጭምር። ደረጃው አደገ ይላል መልእክቱ። የማን ደረጃ?

በውጤቴ ማስጠንቀቂያ ላይ ነኝ። አሁን የምንማረውን ኮርስ ከወደቅኩ እባረራለሁ።

ግንቦት 11
እዚህ ቀበሌ ኢንተርኔት የሚይዘው ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ያለው ጉብታ ላይ ብቻ ነው። ወጣሁ። ትምህርቱ ተከፈተ… ትንሽ ቆይቶ የመምህሩ ፊት አፉን እንደከፈተ ቀረ። ብቻዬን ሳቅሁ።

ግንቦት 19
ፈተናው ዛሬ ነበር። ጉብታው ላይ ሆኜ ከግማሽ በላይ ሠርቻለሁ… ለቅሶ ሰማሁ። አስከሬን ተሸክመው በጉብታው ሥር መጡ። ወልደ ሥላሴ ነው፣ የተማሪዬ የሥርጉት አባት። ማታ ነው ያረፈው፣ አልሰማሁም ነበር። አስከሬን እያለፈ ተቀምጦ ስልክ የሚነካካ ማን አለ? ሥርጉት ቀና ብላ አየችኝ። ስልኩን ድንጋይ ላይ ትቼ ወረድኩ።

ከቀብር ስመለስ "ጊዜዎ አልቋል" ይላል።

ግንቦት 20
ለመምህሩ ጻፍኩ። መልሱ ወዲያው መጣ… ማሽን ነው የመለሰው። መልእክትዎ ደርሶናል፣ እናመሰግናለን። ቡሬ ቢሮው ደወልኩ። ስልኩን ያነሳችው ልጅ ትሁት ናት። ሙሉ በሙሉ ኦንላይን ለሆነ ኮርስ ድጋሚ ፈተና የለም አለችኝ። በአካል ቢሆን ኖሮ… ብላ ተወችው። መምህሩን እሷም አይታው አታውቅም።

ግንቦት 26
የቤተ ክርስቲያኑ መሪጌታ ክንፈሚካኤል ሁለት ሽማግሌ አስከትለው መጡ። የላከቻቸው የሥርጉት እናት አየለች ናት። ሐብቴ ነግሯት ኖሯል። ሐዘኗ ሳይወጣላት ለእኔ ታስባለች! ቡሬ ሄደን መምህሩን እንለምነው አሉ። እዚያ እንደሌለ ነገርኳቸው።

"ታዲያ ቤቱ የት ነው?"

"አላውቅም፣ የኔታ።"

ሦስቱም ተመካከሩ። ቆይተው በስልክሽ ቅረጪን አሉኝ። ጋቢያቸውን አስተካክለው ደጄ ላይ ተሰለፉ።

"መምህር፣ ልጃችን የተነሳችው ሙታችንን ልትቀብር ነው። ጥፋቱ የእኛ ነው፣ ማሩልን። በጀ እስክትሉን አንቀመጥም።"

ወንበር አወጣሁ። እንደቆሙ ሄዱ። ሽማግሌ ሲልኩት አይቀመጥም፣ ነገሩ እስኪፈጸም።

ግንቦት 30
ቪዲዮው አልሄድ አለ። ይጀምራል… ይቆማል። ዛሬም ጉብታው ላይ ዋልኩ።

ሰኔ 2
ሄደ! ወዲያው መልስ መጣ። መልእክትዎ ደርሶናል፣ እናመሰግናለን።

ሰኔ 5
ምንም የለም። ሌላ ምን አደርጋለሁ? የማን ደጅ ልቁም?

ሰኔ 12
ውጤት ተለቀቀ። ኤፍ። ከፕሮግራሙ ተሰናብቻለሁ። ጉብታው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

ከሰዓት በኋላ መሪጌታ ሽማግሌዎቹን ይዘው መጡ። ወንበር አቀረብኩ። አልተቀመጡም። መሪጌታ እግራቸው አብጧል፣ በትራቸውን ተደግፈው ቆሙ።

"ምን አለ መምህሩ?"

እግራቸውን አየሁ።

"በጀ ብሏል፣ የኔታ። ይቀመጡ።"

እፎይ ብለው ተቀመጡ። ጠላ ቀዳሁላቸው። ምርቃቱ መቼ ነው፣ እኛም እንመጣለን አሉኝ።

ለከርሞ አልኳቸው።