ቢጫው ቬስትና የጣውላ መኪናዬ

ማርች 2፣ እሁድ
ዛሬም ቢጫ ቬስት ለብሼ የሰው መኪና ሳስቆም ዋልኩ። ሳምንቱን ሙሉ ዳውንታውን ፓርኪንግ መሥራቴ አልበቃ ብሎ፣ እሁድ ደግሞ ቸርች ደጅ። የአስተናጋጆቹ ኃላፊ ፍቅረየሱስ አምና "እህት ጌጥነሽ፣ አንቺ ልምዱ አለሽ" አለኝ፣ በዚያው ቀረሁ። ልጄ ኤልዳና ኳየር ከገባች ወዲህ ስትዘምር አንድ ቀን እንኳ አላየኋትም። ውጭ የሚሰማኝ ድራሙ ብቻ ነው።

ለወጣቶች ካምፕ መርጃ በእጅ የምትያዝ ትንሽ የጣውላ መኪና ውድድር አለ ተባለ። ሞተር የለም፣ ከተዳፋት ይለቀቃል፣ ቀድሞ የደረሰ አሸነፈ። ፍቅረየሱስን ያዝኩት።
"ካሸነፍኩህ ቬስቱን ትለብሳለህ?"
"እሺ" አለ እየሳቀ። በየዓመቱ የሚያሸንፈው እሱ ነው፣ ምን አለበት...

ማርች 5
ጣውላውን ቀርጬ ለኤልዳና አሳየኋት። "ማሚ፣ ዊች ሳይድ ኢዝ ዘ ፍሮንት?" አለች፣ ፊቷ በየት በኩል ነው ማለቷ ነው። አሳዳጊ የበደላት። አሳዳጊዋ እኔ መሆኔን ረስቼው ነው።
ግን እውነቷን ነው። የመኪናዋ ፊት ደፍጣጣ ነው፣ ነፋሱ ይገፋታል።

ማርች 11
ሥራ ቦታ ምንጣፍ የሚደርቅበት ትልቅ ፋን አለ። በምሳ ሰዓት መኪናዬን ፊቱ አስቀምጬ፣ ላይዋ ላይ አጫጭር ክሮች ለጠፍኩ። ክሩ ከተኛ ነፋሱ በሰላም ያልፋል፣ ከተርገበገበ ቅርጿ ይጣላዋል። ኋላዋ ያለው ክር አበደ። ጭራዋን በብርጭቆ ወረቀት ፍቄ ፍቄ አሾልኩት።
አለቃዬ ምናሉ መጥቶ "ምንድን ነው?" አለ። "አገልግሎት ነው" አልኩት። ሄደ።

ማርች 20
ክሩ ሁሉ ተኛ። ጎማዎቹ እንዲፈጥኑ የእርሳስ ዱቄት ነሰነስኩባቸው። "ማሚ፣ ኖ ኦይል፣ ኦኬ? ዱቄቱ ይቦካል" አለችኝ ኤልዳና። መኪናዋን ፓርኪንጉ መውረጃ ላይ ለቀቅኳት፣ ሮጬ አልደረስኩባትም።

ማርች 22፣ ቅዳሜ
ተሸነፍኩ።
ምክንያቱ እማማ አልጣሽ ናቸው... የጸሎት እናታችን። ልንጀምር ስንል "አምጪያት ልጸልይባት" አሉ። ሰጠኋቸው፣ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስከፍት ከቦርሳቸው የወይራ ዘይት አውጥተው ጎማዎቹን እየቀቡ ነው። "አራቱንም ልቀባቸው፣ አንዱ እንዳይቀና።" ምን ልበላቸው? አሜን አልኩ።
ግማሽ መንገድ ላይ ቆመች። ፍቅረየሱስ እስኪያነባ ሳቀ። ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ለጣውላ አይደለም። ኤልዳና ግን አላስቻላትም፣ ለእማማ ደውላ ሁሉን ነገረቻቸው።

ማርች 23፣ እሁድ
ቬስቴን ስለብስ እማማ መጡ። "ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ እኔም አስቆማለሁ።" በምርኩዛቸው "ና፣ ና፣ ና" እያሉ የፍቅረየሱስን መኪና ጥግ አስገብተው፣ ፊቱን በሁለት ቫን ደፈኑት። ማን ይናገራቸዋል? ሥራ እየረፈደበት፣ ሰዉ ምሳ በልቶ እስኪወጣ ቆሞ ሊጠብቅ ነው።
"እማማ፣ ይበርድዎታል፣ ውስጥ ይግቡ" አላቸው።
"ጌጥነሽ ውጭ እያለች? የሚተካት ካለ እገባለሁ። እስከዚያ የአንተን መኪና እኔ ነኝ የማስቆመው።"
ዞር ብሎ መኪናውን አየ። ከዚያ ቬስቴን ተቀበለኝ።

ማርች 30፣ እሁድ
ውስጥ ተቀመጥኩ። በመስኮቱ ፍቅረየሱስ በረዶ ላይ እጁን ሲያወናጭፍ ይታያል። አላዘንኩለትም።
ኤልዳና ማይኩን ይዛ መዘመር ጀመረች... ልጄ ድምፅ የላትም። ይህን ሁሉ ጣውላ የፋቅኩት ለዚህ ነው? አዎ፣ ለዚህ ነው። እንባዬን በእጅጌዬ ጠረግኩ።
አጠገቤ የተቀመጡት እማማ ጠጋ አሉ። "ጉሮሮዋን ትንሽ ዘይት ልቀባት?" አሉኝ በሹክሹክታ።
"ይተዉአት እማማ፣ እንዲሁ ትዘምር" አልኳቸው።