ውሃ የማይጠጣው ሙሽራ

ይድረስ ለምወድህ ወንድምጋሼ፤

እንደምን ከርመሃል? ጉልበትህስ ተሻለህ? እትዬስ፣ ልጆቹስ፣ ያ ጠዋት ጠዋት ካልገፉት የማይነሳው መኪናህስ? እኔ ደህና ነኝ። እንዲያውም ደህና መሆን እንዲህ ደስ እንደሚል አላውቅም ነበር። ሠርጌ ላይ ባለመገኘትህ ያለፈህን ላውራህ።

የአውቶቡስ መሪ ያስያዝከኝ ቀን፣ ረጅም መንገድ የሚነዳ ሰው ውሃ አይጠጣም፣ መንገደኛ ቆሞ አይጠብቀውም ብለኸኝ ነበር። እንደ ሕግ ይዤው ኖርኩ። ሠርጌ ሲቃረብ ታዲያ ሆዴ አድማ መታ። ልብስ ሰፊው የሱፌን ቁልፍ እየጎተተ «ሙሽራው ተመችቶታል» አለኝ። እኔ ግን እሑድ ከሙሽራዬ ጎን መቀመጤን እየተጠራጠርኩ ነበር።

ያለ ሐኪም ማዘዣ የሚሸጥ፣ በውሃ የሚበጠበጥ የሆድ ድርቀት ዱቄት ገዛሁ። የመነሻ ሰዓት ስለደረሰ በአንድ ጉንጭ ውሃ ዋጥኩትና መሪዬን ጨበጥኩ። ወንድምጋሼ፣ ሲሚንቶ የዋጥኩ ነው የመሰለኝ። ትኬት ቆራጩ ከኪሱ ሌላ ዓይነት ኪኒን አውጥቶ ደርብበት አለኝ። ደግነቱ ፈራሁና ከጉዞ እንደገባሁ ወደ መድኃኒት ቤቱ ተመለስኩ።

ባለመድኃኒቷ መጀመሪያ ኃይለኛ ቁርጠት፣ ትውከት ወይም ደም እንዳለ፣ ጉሮሮዬም ላይ የቆመ ነገር እንደሚሰማኝ ጠየቀችኝ። ከነዚህ አንዱ ቢኖር መድኃኒት ሳይሆን ሐኪም ነው የሚያስፈልግህ አለች። የለም አልኳት። ስንት ውሃ ትጠጣለህ ስትለኝ የሙያችንን ሕግ አስረዳኋት። እሷም እንዲህ አለችኝ፦

«ዱቄቱ የሚሠራው ውሃ መጦ ነው። ነፍገኸው ከየት ያምጣ? በሙሉ ብርጭቆ ውሰደው፣ ቀኑን ሙሉም ጠጣ። ማሸጊያው ላይ ከተጻፈው አትለፍ፣ ሌላ አትደርብ፣ ቶሎ አልሠራም ብለህም አትጨምር። ሳምንት ከሞላህ ግን ሐኪም ጋ ነው፤ ልማድ እንዳታደርገው።»

ታዘዝኩ። አውቶቡሱን በየከተማው አቁሜ ስወርድ መንገደኛው አጉረመረመ። አንዲት እናት ብቻ መረቁኝ፤ ለካ እሳቸውም መውረድ ፈልገው ኖሯል። ቅዳሜ ጠዋት አድማው ተፈታ። ዝርዝሩን ልጆቹ ስለሚያነቡት ትቼዋለሁ።

አንተም ዱቄቱን ላክልኝ እንዳትል፤ የግፊት መድኃኒት ስለምትወስድ አስቀድመህ ሐኪምህን ጠይቅ። ውሃውን ግን ዛሬውኑ ጀምር።

እሑድ ያለ ማቋረጥ ጨፈርኩ። አማቴ ፊቴን እያዩ እንባቸው መጣ፤ ልጄን እንዴት ቢወዳት ነው እንዲህ የሚያበራው እያሉ ለዘመድ ሁሉ ተናገሩ። መውደዱንስ እወዳታለሁ። የቀረውን አላረምኳቸውም።

እትዬን በሁለት ጉንጯ ሳምልኝ። ትልቋን ልጅ፣ ሙሽራዋ ፎቶሽን አይታ ወዳሻለች በላት፤ ትንሹን ጆሮውን ቆንጠጥ አድርግልኝ። ለእማዬ ሠርጉ ላይ በደንብ በላ ብቻ በልልኝ፤ ከዚያ በላይ ከጠየቀች ደብዳቤው ጠፋ።

ታናሽህ

ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ፣ ከአዲሱ ቤታችን
የካቲት ፲፩ ቀን