ያፈረስሻቸው ርዕሶች

ቦንጋ፣ ኅዳር 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ አልጣሽ፣

ትናንት ቀኑን ሙሉ ዘነበ። የሥልጠናው አዳራሽ ውስጥ ከዋጫና ከሺሺንዳ የመጡ መምህራን፣ አለቃችን ጋሽ ለገሰ፣ አሠልጣኟ ሩሀማና እኔ ነበርን። አንቺ ለአዲስ ሥራ ወደ ደካ ከተማ ሄደሻል፤ ስለዚህ የሠራሽውን ልንገርሽ።

ሩሀማ ዓይነ ስውር መሆኗን፣ የሥልጠና መመሪያውንም ኮምፒውተሯ እያነበበላት እንደምትሰማው ታውቂያለሽ። ከተጣለ የሥልጠና ወረቀት ላይ ያገኘሁትን አሠራር እያየን፣ ርዕሶቹን ኮምፒውተሩ ርዕስ ብሎ በሚያውቃቸው መንገድ አብረን አልነበር የሠራናቸው? አንድ ቁልፍ ነክታ ከምዕራፍ ወደ ምዕራፍ ስትዘል፣ "እናንተ ሴቶች፣ እኔም እንደ ሰው ገጽ ገለጥኩ!" ብላ ስትስቅ አጠገቧ ነበርሽ።

ትናንት ጠዋት ግን የደረሳት አንቺ "የመጨረሻው" ብለሽ የላክሽላት ቅጂ ነው። አንድ መምህር ስለ ፈተና አሰጣጥ ጠየቃት። ቁልፉን ነካች። ምንም። ደጋግማ ነካች። ኮምፒውተሩ ከመግቢያው ጀምሮ ማነብነብ ያዘ።

"እትዬ፣ እስኪደርስ ምሳ በልተን እንምጣ?" አለ አንዱ። አዳራሹ ሳቀ።

ጋሽ ለገሰ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ "ሳትዘጋጅ ነው የመጣችው። ነገ በሌላ ሰው እንተካታለን" አሉኝ።

ፋይሉን ከፈትኩት። ርዕሶቹን ሁሉ አፍርሰሽ ተራ ጽሑፍ አድርገሻቸዋል፤ ከዚያ አወፍረሽ፣ ከሥራቸው አስምረሻል። ኮምፒውተሩ ከእንግዲህ ርዕስ ብሎ አያውቃቸውም። ደወልኩልሽ።

"ጋሽ ለገሰ ሰማያዊ ርዕስ ለመሥሪያ ቤት አይሆንም ብለውኝ ነው። አሁን ለዓይን አያምርም?" አልሽኝ።

ለዓይን! ቀለሙን ብቻ ማጥቆር ይቻል ነበር፤ አብረን ነው የለመድነው። እሺ፣ ቸኮልሽ እንበል። ሩሀማ ባላጠፋችው ልትተካ ነው ስልሽስ ምን አልሽ?

"እህቴ አበዛሽ፣ እኔን አታንሺኝ። አዲስ ቦታ ላይ ስሜ እንዳይበላሽ።"

የሷስ ስም? ስንት ዓመት አንድ ቢሮ አብረን ስለሠራን፣ ዝም እልልሻለሁ ብለሽ ቆጠርሽ።

ዛሬ ጠዋት ርዕሶቹን ከነንዑስ ርዕሶቻቸው ወደ ቦታቸው መለስኩ። ሰማያዊውን አጠቆርኩ። ሩሀማ ቁልፉን ነካች፤ ኮምፒውተሩ፣ "ምዕራፍ አራት፣ የፈተና አሰጣጥ" አለ። ጋሽ ለገሰ ቢሮ ገባሁ፤ በሩን አልዘጋሁም።

"ርዕሶቹን ያፈረሰችው አልጣሽ ናት፤ ሰማያዊው ይጥፋ ብለው ያዘዟት እርስዎ ነዎት። ሩሀማ ምንም አላጠፋችም" አልኳቸው።

መልሳቸውን አልጠበቅኩም። አዳራሽ ገብቼ ሩሀማን መድረኩ ላይ፣ ወንበሯ ላይ አስቀመጥኳት። ሊተካት የተጠራው ሰው የሚያሠለጥንበትን ወረቀት ይዞ ሲመጣ፣ "ሰው አለበት" አልኩት።

አበዛሽ